ኤክስ የበዛበት ወረቀት ቤት ሲገባ

የፈተና ወረቀት ታርሞ ቤት ሲገባ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። «ከስንት ስንት አገኘህ?» ይላል፤ ቀጥሎ «አንደኛ የወጣውስ?» ሁለቱ ከተመለሱ ወረቀቱ ተጣጥፎ ቦርሳ ይገባና ከወር በኋላ ከቆሎ ፍርፋሪ ጋር ተጨማዶ ይገኛል። ለሚቀጥለው ፈተና ግን ከዚያ ወረቀት የተሻለ ማጥኛ የለም። አጋዥ መጽሐፍ ለሁሉም ልጅ የተጻፈ ነው፤ ይኼኛው ግን የእናንተው ልጅ የቱ ጋ እንደሚስት በገዛ እጁ የጻፈበት ነው።

ከዚህ በታች ያለው በተለይ ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ለሚያስጠኑ ነው፤ ለእናትም፣ ለአባትም፣ ለታላቅ እህትም። ትምህርቱን ማወቅ ግድ አይደለም። መጠየቅ፣ ዝም ብሎ መጠበቅና ቀን መቁጠር የሚችል ሰው ሥራውን ይሠራዋል።

መጀመሪያ ይብላ

የደሴን ቁልቁለት ወርዶ፣ ዳገት ወጥቶ፣ በብርድ ቤት የገባ ልጅ ወረቀቱን አውጥቶ ሲሰጣችሁ ስህተቱን ሳይሆን ፊታችሁን ነው የሚያጠናው። ስለዚህ ይብላ፣ ይሙቀው። ወረቀቱን ተቀበሉት፣ ከላይ እስከ ታች እዩት፣ መልሳችሁ ስጡት። «ማታ አብረን እናየዋለን» በቂ ነው። ለዚህ ጊዜ ወሎዬ «አብሽር» የምትል ቃል አለችው፤ ከዚህ የተሻለ ማጽናኛ አይገኝም። ችግሩ ብዙ ጊዜ አብሽር ብለን እዚያው ላይ ማቆማችን ነው። ወረቀቱ ካልተከፈተ አብሽር ብቻውን በሚቀጥለው ፈተና ያንኑ ኤክስ ይዞ ይመጣል።

ቁጣና ኩርኩም የሚያመጡትም ይታወቃል። ልጁ ሁለተኛውን ወረቀት ይደብቃል፤ ሦስተኛውን ከጎረቤቱ ይኮርጃል። ውጤት ብቻ የሚጠየቅ ልጅ ውጤት የሚገኝበትን አቋራጭ ይፈልጋል፣ በክፍል ውስጥ ያለው አቋራጭ ደግሞ አንድ ነው።

«ሰነፍ» አለማለትን ሁሉም ሰው ይመክራል። «ጎበዝ» ላይም ጠንቀቅ ማለት ይሻላል። ጎበዝ የተባለ ልጅ ስህተቱን ስሙን እንደሚያጠፋበት ነገር ያየዋል። በምትኩ ሥራውን ጥሩት፦ «ሦስቱን እርምጃ በትክክል ሄደሃል፤ አራተኛው ላይ ነው የዞረብህ።» ይህን ለማለት ወረቀቱን ማየት ያስፈልጋል፣ ልጁም ማየታችሁን ያውቃል።

ኤክሱ ከየት መጣ?

ቀይ እስክሪብቶ ሁሉንም ስህተት አንድ አድርጎ ያሳያል። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። በእርሳስ እያንዳንዱ ኤክስ አጠገብ ምክንያቱን የሚገልጽ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ይጻፍ፤ የሚጽፈው ልጁ ነው።

«አ» አላውቀውም። የቀረበት ቀን ነው፣ ወይም ትምህርቱ ሲሰጥ አልገባውም። እዚህ ላይ ጥያቄውን ደጋግሞ ማሠራት ጊዜ ማቃጠል ነው፤ መጀመሪያ ከመጽሐፉ ወይም ከመምህሩ መማር አለበት።

«ተ» ተምታቶብኛል። ያውቃል፣ ያወቀው ግን የተሳሳተ ነው። ከሁሉም የሚከብደው ይኼ ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

«አን» አንብቤ አልጨረስኩም። «ከሚከተሉት ውስጥ የአገር ውስጥ ንግድ ያልሆነው የቱ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «የሆነውን» ፈልጎ ሀ ላይ አገኘው፣ ከበበው፣ አለፈ። በእንግሊዝኛ ፈተና ላይ «ኖት» እና «ኤክሴፕት» የሚባሉት ቃላት ይህንኑ ያደርጋሉ።

«እ» እጄ ሳተ። 6ን 0 አስመስሎ ጽፎ ራሱ በዜሮ አስልቶታል፤ የመቀነስ ምልክት ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሲሻገር ጠፍቷል፤ መልሱ በሜትር ተጠይቆ በሴንቲ ሜትር ጽፏል።

«ሰ» ሰዓት አጠረኝ። መጨረሻ ላይ ያሉት አምስት ጥያቄዎች ባዶ ናቸው ወይም ሁሉም «ለ» ናቸው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ራይት ከተደረገባቸው ውስጥ ይደበቃል፦ ገምቶ ያገኘው። ይህን የሚያውቀው ልጁ ብቻ ስለሆነ ያለ ፍርሃት መናገር አለበት። «ከራይቶቹ ውስጥ እርግጠኛ ያልነበርክባቸው የትኞቹ ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁት። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ ላይ እየገመተ የሚመልስ ልጅ ከአራት አንዱን በአማካይ ያገኛልና 20 ራይት ሁልጊዜ 20 እውቀት አይደለም።

እዚህ ደረጃ ላይ የሚበላሸው አንድ ነገር ነው፤ ሁሉም «ቸኩዬ ነው» ይባላል። ልጁ ይህን ይወደዋል፣ ክብሩን አይነካማ። ወላጅም ይወደዋል፣ «በሚቀጥለው ተጠንቀቅ» ብሎ ይገላገላል። ለመለየት ቁጥሩን ቀይራችሁ ያንኑ ዓይነት ጥያቄ ባዶ ወረቀት ላይ ስጡት። በትክክል ሠርቶ ምክንያቱን ካስረዳ እውነትም እጁ ነው የሳተው። እንደገና በዚያው መንገድ ከተሳሳተ ጭንቅላቱ ውስጥ የተቀመጠ የተሳሳተ ሕግ አለ፤ ጥንቃቄ ደግሞ የተሳሳተ ሕግን ይበልጥ በጥንቃቄ ከማሠራት በቀር ምንም አይፈይድለትም።

መቶውን መዘርዘር

አንዱን በቅርብ እንየው። የ4ኛ ክፍል ልጅ 503 − 278 ተብሎ 375 ጽፏል። እናት እርሳሱን አልነካችም።

«እስቲ አስረዳኝ የኔ ልጅ፣ ከየት ጀመርክ?»

«ከአንድ ቤት። ከ3 ላይ 8 አይቀነስም። ስለዚህ ከ8 ላይ 3፣ 5።»

«እሺ።»

«ከ0 ላይ 7ም አይቀነስም፣ ስለዚህ 7። ከ5 ላይ 2፣ 3። 375።»

«ሰኞ ገበያ 503 ብር ይዘህ ሄድክ እንበል። የ278 ብር ዕቃ ገዛህ፣ ነጋዴው 375 ብር መለሰልህ። ማን ተጎዳ?»

ልጁ ዝም አለ። እናትም ዝም አለች። ከዚያ 278 እና 375 ደመረ።

«653! እማዬ፣ ነጋዴው ከሰረ፤ በ150 ብር።»

«እና ትክክለኛው መልስ ስንት ነበር? አምስት ባለ መቶና ሦስት የአንድ አንድ ብር ነው የያዝከው። 8 ብር ክፈል ብትባል ምን ታደርጋለህ?»

«መቶውን እዘረዝራለሁ።»

አለቀ። መቶው ወደ አስር ባለ አስር ተዘረዘረ፤ ከአስሩ አንዱ ወደ አስር አንድ ብር። አሁን የያዘው 4 መቶ፣ 9 አስርና 13 አንድ ነው። ከ13 ላይ 8፣ 5፤ ከ9 ላይ 7፣ 2፤ ከ4 ላይ 2፣ 2። 225።

እናት «ተሳስተሃል» አላለችም፤ ቁጥሩ ራሱ ተናገረ። «ትልቁን ከላይ አድርገህ ቀንስ» የሚል ሕግ በልጁ ጭንቅላት ውስጥ እንደነበረ የታወቀው ደግሞ ስላስረዳ ነው፤ መልሱን ብቻ ያየ ሰው ይህን አያገኘውም። ከሁሉም የሚከብደው ዝምታው ነው። ከጠየቃችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ብዙዎቻችን 3 ላይ መልሱን እንነግራለን፣ ታላቅ ወንድሞች ደግሞ 1 ላይ እርሳሱን ይነጥቃሉ።

የተምታታው ሲሆን

የ«ተ» ስህተቶች ትክክለኛውን በመንገር አይጠፉም። ልጁ አዲሱን ይሰማና ከአሮጌው ጎን ያስቀምጠዋል፤ ፈተና ላይ ሲጨነቅ አሮጌው ይወጣል። አሮጌው ሕግ የቱ ጋ እንደሚሰበር ራሱ ሊያየው ይገባል።

1/2 + 1/3 = 2/5 የሚል ልጅ ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምሯል። «6 የጋራ ብዜት ነው» ከማለታችሁ በፊት አንድ አምባሻ አምጡ ወይም ሳሉ። ግማሹ አለህ፣ ሲሶ ተጨመረልህ፤ የያዝከው ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? 2/5 ከግማሽ ያነሰ መሆኑን ሲያይ ይደነግጣል። ከዚያ አምባሻውን 6 ቦታ ቆርጦ 3/6 + 2/6 = 5/6 ማግኘት የራሱ ፍላጎት ይሆናል።

0.35 ከ0.4 ይበልጣል የሚልም ብዙ ነው፤ 35 ከ4 ስለሚበልጥ። በሳንቲም ጠይቁት፦ 35 ሳንቲምና 40 ሳንቲም።

በሳይንስ ደግሞ «ተክል ምግቡን ከአፈር ያገኛል» የሚለው በጣም የጸና ነው፤ ገበሬው ማዳበሪያ ሲጨምር ያየ ልጅ እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ተክል ምግቡን የሚሠራው በፀሐይ ብርሃን ከውሃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከአፈሩ የሚወስደው ውሃና ማዕድናት ነው። ስህተቱን «ምግብ» እና «ማዕድን» የሚሉትን ቃላት ለይቶ በማስረዳት አስተካክሉ።

ለእኛ አካባቢ ልጅ ከሁሉም የሚመቸው ግን የአየር ንብረት ጥያቄ ነው። «ከፍታ ሲጨምር ሙቀቱ ይጨምራል፤ ምክንያቱም ወደ ፀሐይ ስለምንቀርብ» የሚል መልስ በየክፍሉ አይጠፋም። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ትበልጣለች። ልጁ በታክሲ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ የት ጋ ጃኬቱን እንደሚያወልቅ አስታውሱት፤ ሕጉ ልክ ከሆነ ጃኬቱን የሚያወልቀው ሲወጣ መሆን ነበረበት። ከዚያ ምክንያቱን፦ ፀሐይ ወደ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃለች፣ 600 ሜትር ምንም አይለውጥም። አየር በዋናነት የሚሞቀው ከመሬት ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ቀንሶ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል። በአማካይ በየ1000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል፤ በ600 ሜትር ልዩነት ወደ 4 ዲግሪ ይሆናል። ይህን አንዴ ራሱ ያሰላ ልጅ ደጋና ቆላን በሽምደዳ አያጠናም።

አንድ ደስ የሚል ነገር ደግሞ አለ። ልጅ በጣም እርግጠኛ ሆኖ የተሳሳተበት ነገር ሲታረም ተጠራጥሮ ከተሳሳተበት ይልቅ የመታወስ ዕድሉ ይሰፋል፤ መገረሙ ራሱ ያስቀረዋል። ስለዚህ መልሱን ከማየቱ በፊት «ምን ያህል እርግጠኛ ነህ? ከ5 ስንት?» ብላችሁ ጠይቁት። 5 ብሎ ኤክስ ያገኘባቸውን አስቀድሙ።

የስህተት ደብተር

አንድ የተለየ ደብተር ያዙ። ለሒሳብ ለብቻው ቢሆን ይመረጣል፣ ለሌሎቹ አንድ ይበቃል። ሁለቱ ትይዩ ገጾች ለአንድ ስህተት ናቸው።

በግራው ገጽ ጥያቄው ሙሉውን ይገለበጣል፣ ከሥሩ ልጁ የጻፈው የተሳሳተ መልስ እንዳለ። አይጠፋም፣ በላጲስ አይነካም። በቀኙ ገጽ ላይኛው ክፍል «ለምን» የምትል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ መሐሉ ላይ ትክክለኛው አሠራር፣ ከታች ደግሞ ቁጥሩ ወይም ስሙ የተቀየረ አንድ እህት ጥያቄ፤ መልስ አይጻፍለትም። በዳሩ ላይ ሦስት ትንንሽ ሳጥኖች ይሰመሩ፤ ለምን እንደሆኑ ቀጥዬ እነግራለሁ።

ደብተሩን ደብተር የሚያደርጋት «ለምን» የምትለዋ መስመር ናት። «ተሳስቼ»፣ «ረስቼ»፣ «ቸኩዬ» አይሠራም፤ ከሳምንት በኋላ ሲያነበው ምንም አይነግረውም። «0 ላይ ስደርስ መቶውን አልዘረዘርኩም» ይሠራል። የታሪክ ምሳሌ እንውሰድ። የዐድዋ ድል መቼ ነው ተብላ 1896 ዓ.ም. የጻፈች ልጅ ኤክስ አገኘች። «ዓመቱን አላወቅኩም» ብትጽፍ ውሸት ነው፤ ያወቀችው የፈረንጆቹን ነው። የሚጻፈው «የፈረንጁን ቁጥር ይዤ ዓ.ም. አልኩት» የሚል ነው። ከሥሩ ሕጉ ይግባ፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መጨረሻው አካባቢ፣ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እስኪገባ፣ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። የካቲት 23 ቀን 1888 ላይ 8 ሲደመር 1896። እህት ጥያቄዎቿን ከአገራችን ታሪክ መፈለግ አያስቸግርም፦ የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881፣ ስንት ይሆናል? 1889። ንጉሥ ሚካኤል የተሸነፉበት የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909፤ ይኼኛው ላይ 8 የደመረች ልጅ ሕጉን ግማሹን ብቻ ነው የያዘችው፣ 1916 ነውና።

በአንድ ምሽት ከ5 ስህተት አይበልጥ፣ ከ30 ደቂቃም። 14 ኤክስ ያለበት ወረቀት ካለ በመጀመሪያ «ተ» የተባሉትን ምረጡ፣ ቀጥሎ «አ»። ብዙ ጊዜ 14ቱ ኤክስ ተፈትሾ ሲታይ አራት አምስት ምክንያት ነው፤ አንዱን ሕግ ስታቃኑ ሦስት ኤክስ አብሮ ይነሳል።

የሚበላሽባቸው መንገዶች አሉ። አንዳንዱ ልጅ ደብተሩን በአራት ቀለም አስጊጦ ምንም ሳያስብ ይሞላል። አንዳንዱ ትክክለኛውን መልስ ከጓደኛው ወረቀት ይገለብጣል። አንዳንድ ቤት ደግሞ ደብተሩ ውስጥ የእናት የእጅ ጽሑፍ በዝቶ ይገኛል፤ እሷ ትፈተንበት። «አስር ጊዜ ጻፍ» የሚባለውም እንደዚያው ነው። ከሦስተኛው መስመር በኋላ የሚጽፈው እጅ ነው፣ ጭንቅላቱ ኳስ ሜዳ ሄዷል። ደብተሩ የቅጣት መልክ ከያዘ ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ «ጠፋ» ትባላላችሁ።

ሦስቱ ሳጥኖች

ዛሬ ማታ የገባው ነገር የታወቀ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጫጭር ጽሑፎች አስጠኑ። አንዱን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ሌላውን አንዴ አንብበው ከዚያ ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲለካ ሁለት ጊዜ የተነበበው በለጠ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ ሳያዩ የጻፉት 56 በመቶ ሲታወስ ደግመው ያነበቡት 42። ፈተና ከ5 ደቂቃ በኋላ አይሰጥም።

ስለዚህ የስህተት ደብተር አይነበብም፣ ይሠራል። የቀኙን ገጽ በወረቀት ሸፍኑ፤ እህት ጥያቄዋን በብጣሽ ወረቀት ላይ ይሥራት። በትክክል ከሠራ የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ቀን ይጻፍ። ሰኞ የገባ ስህተት ረቡዕ ይፈተናል፣ ከዚያ በሚቀጥለው ሰኞ ወይም ማክሰኞ፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ። ሦስቱ ሳጥን ሲሞሉ የገጹ ጥግ ይታጠፋል፣ ተዘጋ ማለት ነው። መሐል ላይ ከሳተ ሳጥኖቹ ይሰረዙና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ይህ ልጁን ያናድደዋል፤ «አሁን ነው የተያዘው፣ ፈተና ላይ ከሚሆን» ብላችሁ እለፉት።

ጥያቄዎቹን ማደባለቅም ያስፈልጋል። የክፍልፋይ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ያለ መልመጃ ሁሉ የክፍልፋይ ነው፤ ልጁ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሆነ ሳያስብ ይሠራዋል። ፈተና ላይ ግን ማንም «ይኼኛው ክፍልፋይ ነው» አይለውም። እህት ጥያቄዎቹን በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱ። ቡና ሲፈላ፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ፣ አምስት አውጥቶ ይሥራ።

ምርጫ ላይ

የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና፣ ብዙ ወላጅ እስካሁን «ሚኒስትሪ» የሚለው፣ በምርጫ ነው። የምርጫ ጥያቄ ውስጥ ያሉ የተሳሳቱ መልሶች እንዲሁ አይቀመጡም፤ አውጪው ልጆች የት እንደሚስቱ ያውቃል። ይህን ልጁም ይወቀው። አንድ ጥያቄ፦ 400 ብር የነበረ ጫማ 20 በመቶ ቀነሰ፣ ከዚያ 20 በመቶ ጨመረ፤ አሁን ስንት ነው? ሀ) 400 ለ) 384 ሐ) 320 መ) 480። ልጁ መልሱን ከመምረጥ በተጨማሪ እያንዳንዱን ምን ተሳስቶ የሚመርጠው ሰው እንዳለ ይናገር። 400ን የሚመርጠው የወረደውና የወጣው ይጣፋል ያለ ነው። 320 ላይ ግማሽ መንገድ የቆመ አለ። 480 ቅናሹን ሳያነብ የዘለለ። መልሱ 384 ነው፣ ሁለተኛው 20 በመቶ የተሰላው ከ320 ላይ ነውና 64 ብር ብቻ ይጨምራል። አንድ ጥያቄ እንዲህ መፍታት አስር ጥያቄ ከማጥቆር ይሻላል።

ሲሠራ ምርጫዎቹን በእጁ ሸፍኖ ጥያቄውን ብቻ ያንብብ፣ በራሱ ይመልስ፣ ከዚያ ይክፈት። «ያልሆነው»፣ «በስተቀር»፣ «የተሳሳተው» የሚሉ ቃላት ሥር ያስምር።

«መጀመሪያ የመጣልህን መልስ አትቀይር» የሚለው ምክር ከትውልድ ትውልድ ይወረሳል፣ ግን ስህተት ነው። በተደረጉ ጥናቶች የተቀየሩ መልሶች አብዛኞቹ ከስህተት ወደ ትክክል የሄዱ ናቸው። ቀይረው የተሳሳቱበት ስለሚቆጭ ነው የሚታወሰው። ምክንያት ካገኘ ይቀይር፤ ስለፈራ ብቻ ከሆነ ይተወው።

የመልስ ወረቀት ላይ ያለው አደጋ ደግሞ ከእውቀት ጋር አይገናኝም። 12ኛውን ዘሎ 13ኛውን በ12 ቦታ ያጠቆረ ልጅ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አንድ ቤት ይንሸራተታል። በየ5 ጥያቄው የጥያቄውንና የመልሱን ቁጥር አስተያይቶ እንዲሄድ ቤት ውስጥ አለማምዱት። ሲቀይርም በደንብ ይደምስስ፤ የደበዘዘ አሮጌ ጥቁረት በማሽን ሲታረም እንደ ሁለት መልስ ሊቆጠር ይችላል።

«ሰ» የበዛበት ልጅ ካላችሁ ሰዓት ይዛችሁ አሠሩት። ጊዜውን ለጥያቄው ብዛት አካፍሉ፤ 40 ጥያቄ በ60 ደቂቃ ለአንዱ ደቂቃ ተኩል ነው። ከዚያ በላይ የያዘውን በጥያቄ ወረቀቱ ላይ ነጥብ አድርጎበት ይለፍ፣ በሁለተኛው ዙር ይመለስበታል። አብዛኛው ሰዓት የሚያጥረው ልጅ ዘገምተኛ ሆኖ ሳይሆን 7ኛው ጥያቄ ላይ ተጣልቶ ሩብ ሰዓት ስለሚቆም ነው።

ጊዜው ከየት ይመጣል

ኮምቦልቻ ውስጥ ፋብሪካ በሺፍት የሚሠራ ወላጅ ብዙ ነው። በየቀኑ መገኘት ካልቻላችሁ ሳጥኖቹን የሚፈትሽ አንድ ሰው ቤት ውስጥ መድቡ፣ እናንተ በሳምንት አንድ ቀን 20 ደቂቃ ተቀምጣችሁ «ለምን» የሚሉትን መስመሮች ብቻ አስነብቡ። ኮምቦልቻ ከሰዓት ሙቀቱ ልጅ ያፈዛል፤ ደሴ ማታ ብርዱ ወደ ብርድ ልብስ ይጠራል፣ ከብርድ ልብስ ሥር ደግሞ ጥናት የለም። ለሁለቱም ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ያለች 20 ደቂቃ ትሻላለች። መብራት ሲጠፋ የቃል ጥያቄ ጊዜ ነው፤ ቆርቆሮው ይምጣና በባትሪ እየተነበበ ይመለስ።

በረመዳን የሚጾም ልጅ ከሰዓት በኋላ ይዝላል። አዲስ ስህተት መፍታት ጠዋት ይሁን፣ ሳጥን መሙላት ካፈጠረ በኋላ።

አስጠኚ ከቀጠራችሁ የመጀመሪያ ቀን የስህተት ደብተሩን አሳዩት። ደብተሩን ሳያይ አዲስ ሾርት ኖት ማስጻፍ የሚጀምር አስጠኚ የልጁን እግር ሳይለካ ጫማ እንደሚሰፋ ሰው ነው።

መምህሩን ስትጠይቁ ማርክ ለማስጨመር አትሂዱ። ልጁ ራሱ ደብተሩን ይዞ «መምህር፣ እስከዚህ ገብቶኛል፤ ከዚህ በኋላ ነው የጠፋኝ» ይበል። በተማሪ የተጨናነቀ ክፍል የሚያስተምር ሰው «ሒሳብ አይገባውም» ለሚል ወላጅ የሚመልሰው የለውም፣ ለአንድ መስመር ጥያቄ ግን በቆመበት ይመልሳል። የእርማት ስህተት ሲኖርም ልጁ በአክብሮት ያሳይ። በስህተት ራይት የተደረገለትንም አብሮ እንዲያሳይ አድርጉት፣ ቢያንስ በደብተሩ ላይ ይመዝግበው።

የመጨረሻዋ ሳምንት

ፈተና ሊገባ ሰባት ቀን ሲቀረው አዲስ ስህተት መመዝገብ ይቁም። ጥጋቸው ያልታጠፉት ገጾች ብቻ ይሠሩ። ዋዜማው ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ደብተሩ ይዘጋል። የሚቀረው ሁለት የተቀረጸ እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫና እስክሪብቶ ቦርሳ ውስጥ ማስገባትና መተኛት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ያጠና ልጅ «አን» እና «እ» ስህተቶችን ተሸክሞ ይገባል።

ከፈተና ሲወጣ «3ኛው መልሱ ስንት ነው?» እየተባለ በር ላይ የሚደረገው ክርክር ለነገው ፈተና ምንም አይጠቅምም። ግን የዓመት መጨረሻ ወረቀት ብዙ ጊዜ ስለማይመለስ የተጠራጠረባቸው ጥያቄዎች እንዳይጠፉ፣ ቤት እንደገባ በብጣሽ ወረቀት የሚያስታውሰውን በአንድ በአንድ መስመር ይጻፍ፤ «የመሬት ዙረት ጥያቄ፣ ወቅቶች፣ ሐ እና መ መሐል ቀረሁ»። ወረቀቷ ታጥፋ የስህተት ደብተሩ ውስጥ ትግባ። የምትከፈተው የመጨረሻው ፈተና ያለቀ ዕለት፣ ምሳ ከተበላ በኋላ ነው።